በሶምቦ ጋራ ስም ሲጠራ

ዙቤይዳ ወደ ሶምቦ ጋራ የወጣችው በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከደዶ ከተማ ወዲያ መኪና የሚባል ነገር የለም። የልብስ ስፌት መኪናዋን በቅሎ ላይ አስጭና እሷ በእግሯ ተከተለች። ያን ዳገት በቅሎዋ ሁለት ጊዜ ስትንሸራተት ዙቤይዳ አራት ጊዜ ወደቀች። ከፊት የሚሄደው አዲሱ ባሏ ጀማለዲን አንድም ጊዜ አልሳቀባትም። በዚህ ብቻ ደግ ሰው መሆኑን አወቀች።

ጀማለዲን ሐሙስ ሐሙስ ጅማ ሂርማታ ገበያ ማር ይዞ የሚወርድ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነበር። እሷ ደግሞ የጅማ ከተማ ልጅ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላት ልብስ ሰፊ፣ በሰፈርተኛው አፍ ቆማ የቀረች። ዘመድ አገናኛቸው። ደህና ጊዜ ቢሆን ኖሮ ዙቤይዳ እንኳን ሶምቦ፣ ደዶም አትሄድም ነበር። የጅማ ሰው ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ያለውን ሁሉ ገጠር ነው የሚለው። ግን ያ ዓመት ደህና ጊዜ አልነበረም።

ጥር ላይ አንድያ ወንድሟን ሸምሰዲንን፣ የኮሌጅ ተማሪውን፣ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ወሰዱት። ሁለት ሳምንት ስንቅ አመላለሰች። አንድ ጠዋት ጥበቃው የምሳውን ዕቃ ሳይከፍት መለሰላትና «ከእንግዲህ አያስፈልገውም» አላት። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ፣ ማልቀስም ክልክል። ከዚያ በኋላ ከተማው ውስጥ በየመንገዱ ወንድሟን ከኋላው የሚመስል ሰው እያየች መሮጥ ጀመረች። ጀማለዲን ሲጠይቃት እሺ ያለችው ለትዳር ጓጉታ ሳይሆን፣ ወንድሟን የሚመስል ሰው የሌለበት አገር ፈልጋ ነው።

ሶምቦ ስትደርስ ያልጠበቀችው ነገር ጠበቃት፤ ዘፈን። የከተማ ሰው ዘፈን የሚሰማው ከሬዲዮ ነው። ሶምቦ ላይ ግን አፍ ያለው ሁሉ ያዜማል። እንሰት ሲፋቅ የራሱ ዜማ አለው፣ ገብስ ሲወቃ የራሱ፣ ቀፎ ዛፍ ላይ ሲሰቀልም የራሱ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከመስጊዱ መንዙማ ይነሣል፤ ሲያበቃ ከማዶው ጋራ ሌላው ይቀበላል። ዙቤይዳ በመጀመሪያው ወር ባሏን «እነዚህ ሰዎች ሥራ የሚሠሩት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ጀማለዲን ጥያቄው አልገባውም።

ከሁሉም በላይ ግን ዋሚቻ ነበረ፤ ጥሪ ማለት ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ መሬቱ ከዝናቡ ሲጠነክር፣ አገሩ በሙሉ ከትልቁ ሜዳ ይሰበሰባል። ዲቤ የሚሉትን ከበሮ የያዘችው አሮጊት በዜማ የየቤቱን ሰው በስም ትጠራለች። የቤቱ ሴት ተነሥታ ትመልሳለች። ሰውዬው ሜዳው ላይ ካለ «ጂራ»፤ አለ ማለት ነው። ርቆ ሄዶ ከሆነ «ከራ ኢራ ጂራ»፤ መንገድ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ «ነጋን ሃ ገሉ» ይላል፤ በሰላም ይግባ። ሞቶ ከሆነ ደግሞ አንዲት አጭር ቃል ናት፤ «ዱኤ»። ሞተ። ያኔ ሕዝቡ ጎንበስ ብሎ መዳፉን አፈር ያስነካና ወደሚቀጥለው ስም ይታለፋል። ሼሁ ይህን ነገር አይወዱትም፤ ግን የእሳቸውም ስም ሲጠራ ከሜዳው ቀርተው አያውቁም።

በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ዲቤውን የያዙት አኮ መድና፣ አኮ አያት ማለት ነው፣ በእጃቸው ያልተወለደ ሰው ሶምቦ ላይ የለም የሚባልላቸው አሮጊት፣ ዙቤይዳን ቤቷ ድረስ መጥተው ጠየቋት።

«ካንቺ ጋር የመጣ ስም ማን ነው?»

«ማንም አልመጣም፣ አኮ። ሸምሰዲን የሚባል ወንድም ነበረኝ፤ ሞቷል። ይተዉት» አለች።

«አፈር አልብሰሽዋል?»

«አላለበስኩም። አልሰጡኝም።»

«እንግዲያው ሞተ ማለት አትችይም» አሉ አሮጊቷ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። «ያላየሽውን ሰው በአፍሽ አትቅበሪ።»

ከዚያም የሚያስፈራውን ታሪክ ነገሯት። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ሴት፣ ቡና ለቀማ ብሎ ወርዶ ሦስት ዓመት የጠፋባትን ልጇን በንዴት «ዱኤ» ብላ መለሰችለት። ልጁ ለካ ስጦታ ሸክፎ መንገድ ጀምሮ ኖሯል። ወሩ ሳያልቅ ሬሳው መጣ። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረች፤ ግን ከሰው ጋር አልተነጋገረችም።

ዙቤይዳ በሆዷ ሳቀች። የከተማ ልጅ አይደለች? ግን ጥቅምት ሲደርስ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «ሸምሰዲን!» ተብሎ ሲጠራ፣ ተነሥታ «ከራ ኢራ ጂራ» አለች። አምስት መቶ ሰው ስለ እሷ ወንድም «በሰላም ይግባ» አለ። ጅማ ላይ ስሙን ድምፅ አውጥቶ የሚጠራው ጠፍቶ ነበር። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

ስምንት ዓመት እንዲህ አለፈ። ዙቤይዳ ለሶምቦ ሴት ሁሉ ቀሚስ ሰፋች፤ ሶምቦ ደግሞ ዜማውን አስገባባት። መኪናዋን ስትረግጥ ሳይታወቃት የገብስ መውቂያውን ታንጎራጉር ጀመር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሷ ግን ራሷን እንደ ከተሜ መቁጠሯን አልተወችም።

የጀማለዲን ልጅ አብዱልፈታሕ እሷ ስትመጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ዓመት ሙሉ ከእጇ አልበላም። በመጨረሻ ያሸነፈችው በሱሪ ነው፤ ኪሱ አራት የሆነ ሱሪ ሰፋችለት። ከዚያ ወዲያ «አዴ ዙቤይዳ» እያለ፣ አዴ እናት እንደ ማለት ነው፣ ከመኪናዋ ሥር አይጠፋም። ፊደል አስቆጠረችው፤ ደዶ ወርዶ ስምንተኛ ክፍል ጨረሰ። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ሶምቦን በታላቅ ትዕግሥት የሚመለከት ሰው ወጣው። «አዴ፣ ወላሂ፣ በስም ጥሪ ሰው የሚሞት ቢሆን የኔ አስተማሪዎች ስንቱን በፈጁ ነበር» ይላታል። ሁለቱ ይሳሳቃሉ። በዚያ ቤት በዋሚቻ የሚሳለቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዙቤይዳ ያልወለደችውን ልጅ እንደ ወለደችው ወደደችው፤ ይህን አንድም ቀን በአፏ አልነገረችውም።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት የብሔራዊ ውትድርናው ጥሪ ሶምቦ ደረሰ። ጋራው አሥራ አንድ ወጣት እንዲያቀርብ ታዘዘ። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ዳባ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ ሰው ነው፤ አሥሩን ሰብስቦ አስረከበ። አሥራ አንደኛው አብዱልፈታሕ ነበር፤ እሱ ግን የቡ ወደሚባለው አገር ቡና ለቀማ ወርዷል። አብዱልፈታሕ ባይገኝ ዝርዝሩ ላይ ቀጥሎ ያለው የዳባ የገዛ ልጅ ነው። ይህን ሶምቦ ላይ የማያውቅ የለም።

አንድ ረፋድ፣ ጉም የሰውን እጅ በማያሳይበት ቀን፣ አብዱልፈታሕ በቀርከሃው ጫካ አድርጎ ቤት ገባ። የቡም አፈሳ ስለነበረ አምልጦ ነው የመጣው። ያን ዕለት ቆጥ ላይ አወጡት፤ ከገብሱና ከባዶ ቀፎው መካከል። ጀማለዲን ደግሞ ማህበሩ ጽሕፈት ቤት ሄዶ፣ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ውሸት ተናገረ።

«ልጄን የቡ ላይ ወባ ቀጠፈው። እዚያው ቀበሩት።»

ዳባ ጸሐፊውን «ጻፍ» አለው። ጻፈ።

ጎረቤት ለተዕዚያ መጣ፤ ሰደቃው ተበላ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ ዱዓው ለሞተ ይሁን ለታመመ ግን የሚለይ አልነበረም። የመጣው ሰው ሁሉ ቆጡን ላለማየት መሬት መሬቱን ያያል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ሶምቦ ላይ ለመንግሥት የሚነገር ሌላ ነው፤ ለዲቤ የሚነገር ሌላ።

ዳባም የሶምቦ ሰው ነውና ይህንኑ ያውቅ ነበር።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ አንድ ወሬ ተሰማ። ከጅማ የኪነት ኃላፊ ሊመጣ ነው፤ ለክፍለ ሀገሩ ውድድር የሕዝብ ዜማ እየዞረ በቴፕ ይቀዳል። ዳባ ዋሚቻውን መርጦለታል። ዳባ ራሱ በጀማለዲን ደጅ ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ ስፌት ላይ ላለችው ዙቤይዳ እንዲህ አላት።

«እኔም የአብዱልፈታሕን ነገር በዲቤ ልስማውና ልቤ ይረፍ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን እዘጋለሁ።»

ዛቻ አልነበረበትም። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበር። ይህ ነው ዙቤይዳን ያስፈራት፤ ክፉ ሰው ቢሆን ትንሽ ይቀላት ነበር።

አኮ መድና ዘንድ ሮጠች። «ስሙን ቢዘሉትስ፣ አኮ?»

«የሚዘለል ስም የነፍሰ ገዳይ ስም ነው። ዳባ እሱን አይስትም፤ ያኔ እንዲያውም ልጁ እንዳለ እርግጠኛ ይሆናል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ እጠራለሁ። የምትመልሺው አንቺ ነሽ። እኔ የሰው አፍ ይዤ አላውቅም።»

ቤት ስትመለስ ጀማለዲን ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ማታ ማታ ከሚናገረው የበለጠ ያን ቀን ተናገረ።

«ዙቤይዳ፣ እናቱ በሕይወት ብትኖር አልለምናትም ነበር። አንቺ ግን የከተማ ልጅ ነሽ። ይሄ ነገር የሚይዘው እኛን ነው፤ ካንቺ አፍ ቢወጣ አይደርስበትም። አንቺ በዪው።»

እሷም እንደዚሁ ነው ያሰበችው። ለዚህ ለዚህ እኔ አለሁ አለች። ስምንት ዓመት ባዕድ መሆኔ አንድ ቀን ጠቀመ ብላ ደስ ሁሉ አላት።

መለማመድ ጀመረች። እንሰት ስትፍቅ «ዱኤ» ትላለች፤ ውኃ ስትቀዳ «ዱኤ» ትላለች። አብዱልፈታሕ ከቆጡ ላይ ሆኖ ያርማታል።

«አዴ፣ ጮክ በዪ እንጂ! እንዲህ ስትዪ የታመምኩ ነው የሚመስለው።»

«ዱኤ!»

«አሁን ሞትኩ» ይላል፤ ይስቃል። እሷም ትስቅና እጇ ላይ የያዘችው ነገር ይወድቅባታል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ መሳቁን እሱ ብቻ ቀጠለ። እሷ በሌሊት ጂኑን፣ ሰይጣኑን አላሰበችም፤ የምታስበው ያችን ሃያ ዓመት ያልተናገረችውን ሴት ነበር። መልኳ ምን ይመስል እንደነበር ሰው መጠየቅ አሰኛት። ተወችው።

የዋሚቻው ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። የኪነት ኃላፊው ሣህሉ የሚባል፣ ፈገግታ የማይጠፋው ወጣት ነው። ቴፑን በርጩማ ላይ አስቀምጦ «እናቶቼ፣ ምንም እንዳይጨንቃችሁ፤ እኔ እንደሌለሁ ቁጠሩኝ» አለ። ኦሮምኛ አይሰማም። ከጎኑ ዳባ ተቀመጠ፤ ከዳባ ኋላ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ቆሙ። ሁለቱም የሌላ አገር ሰዎች ናቸው።

አኮ መድና ዲቤውን መቱ። ከላይኛው ሰፈር ጀመሩ። ስም ይጠራል፤ ጂራ። ስም ይጠራል፤ ጂራ። የዘመቱት አሥሩ ልጆች ስም ሲደርስ እናቶቻቸው አንድ በአንድ ተነሥተው መንገድ ላይ ነው አሉ፤ ሕዝቡ በሰላም ይግባ አለ። ሣህሉ እግሩን በምቱ ያንቀሳቅሳል። በዚያ ዓመት ያረፉ ሁለት ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ ዱኤ፤ አምስት መቶ መዳፍ አፈር ነካ። ዳባ ራሱ ጎንበስ ብሎ ነካ።

ጥሪው የጀማለዲን ቤት ደረሰ።

«ጀማለዲን!»

«ጂራ» አለች ዙቤይዳ። ድምጿ ደህና ነው።

«ሸምሰዲን!»

«ከራ ኢራ ጂራ።» በሰላም ይግባ አሉላት፤ እንደ ሁልጊዜው።

አኮ መድና ትንፋሽ ወሰዱ። ዲቤውን መቱ፤ ምቱ አልተሳሳተም።

«አብዱልፈታሕ!»

ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬቱን ያያሉ። መዳፋቸውን ለአፈሩ ያዘጋጀ ማንም የለም። ዙቤይዳ ይህን አየች፤ በዚህ ሜዳ ላይ ያችን ቃል ለመቀበል የተዘጋጀ ዳባ ብቻ ነው። ዳባ ጉልበቱ ላይ ያኖረው እጁ ወደ መሬት ሊወርድ ተቃርቧል። ቃሉን ብትለው እሺ ሊል ነው፤ የራሱን ልጅ ሊሰጥ ነው። ቃሏ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ሁለት ሳምንት የለፋችባት ቃል። አፏን ከፈተች፤ ፈራች። ዳባን አይደለም የፈራችው፤ ጠመንጃውንም አይደለም። ቃሏን ፈራቻት። ከአፏ ወጥታ፣ ሜዳውን አቋርጣ፣ ቆጡ ላይ ወጥታ ልጁን ስታገኘው ታያት። ወንድሟን ስምንት ዓመት በሕይወት ያቆየችው በዚህ አፍ ነው፤ በዚሁ አፍ እንዴት?

«ከራ ኢራ ጂራ» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የሚገርመው ድምጿ ማማሩ ነው። ሴቶቹም፣ ያ ሁሉ የጨነቀው ሕዝብ፣ ትንፋሹን እንደ ለቀቀ ሰው በአንድ ድምፅ «ነጋን ሃ ገሉ!» አለ። እንደዚያ ቀን አምሮ ተብሎ አያውቅም። ሣህሉ በደስታ አውራ ጣቱን አነሣላቸው።

ዳባ እጁን ከጉልበቱ አላነሣም። ትንሽ ቆይቶ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ ለሁለቱ ጥበቃዎች ቤቱን በአገጩ አሳያቸው። እነሱ ሲሄዱ ማንም አልተንቀሳቀሰም። አኮ መድና መጥራታቸውን አላቋረጡም፤ ቢያቋርጡ ኖሮ የቀሩት ቤቶች ልጆች ሳይጠሩ ሊቀሩ ነው።

አብዱልፈታሕን እጁን የኋሊት አስረው በሜዳው ዳር አመጡት። ጠጉሩ ላይ የገብስ ገለባ ነበረ። ከዙቤይዳ ፊት ሲደርስ ቆመ፤ ጥበቃዎቹም ለአንድ አፍታ ተዉት። አልተቆጣም። የሒሳብ መልስ አልመጣ እንዳለው ተማሪ ነበር የሚመስለው።

«አዴ ዙቤይዳ፣ አንድ ቃል እኮ ናት። ምን ነካሽ?»

ገለባውን ከጠጉሩ ላይ ልታነሣለት እጇን ዘረጋች፤ ጎትተው ወሰዱት። እስከ ደዶ በእግሩ፣ ከደዶ በጭነት መኪና።

ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ለአባቱ። አሥመራ ሊሄዱ መሆናቸውን ይገልጻል፤ ሰላም ከሚላቸው ሰዎች መካከል የዙቤይዳ ስም የለበትም። ደብዳቤውን ያነበበችለት ራሷ ዙቤይዳ ነበረች። ሁለተኛ ደብዳቤ አልመጣም።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ያልተፈራው ግን ከዚያ የባሰ ነበር። ዙቤይዳ ሰው ይሰድበኛል፣ ቤቴን ይረግመዋል፣ ባሌ ይፈታኛል ብላ ጠበቀች። በማግስቱ ሴቶቹ ቅቤ ይዘው መጡ። «ልጅሽን በአፍሽ አልገደልሽም» እያሉ ጉንጯን ሳሟት። ከዚያ ቀን በፊት ልጅሽ ብሏት የሚያውቅ የለም። አኮ መድና በሚቀጥለው ዋሚቻ ከአጠገባቸው፣ የሶምቦ ተወላጅ ያልሆነ ሰው ተቀምጦበት በማያውቀው ቦታ፣ አስቀመጧት። የዳባ ሚስት ወተት ይዛ እደጃፉ ድረስ መጣች፤ መግባት አቅቷት ዕቃውን አስቀምጣ እያለቀሰች ተመለሰች። ዙቤይዳ ጀማለዲንን፣ አንድ ጧት ቀፎ ሲጠግን፣ ቀርባ ጠየቀችው።

«አጠፋሁ?»

«አላህ ያውቃል» አላት። «እኔም ብሆን አልለውም ነበር።»

ዙቤይዳ ይህን አልፈለገችም። አንድ ሰው ብቻ ተነሥቶ፣ ዘፈን ብቻ ነበር፣ ልጁን በከንቱ አሳልፈሽ ሰጠሽው፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው እንዲላት ትፈልግ ነበር። ቢሏት ትከራከር ነበር፤ ወይ ታለቅስ ነበር። ቤት ለቤት ስትዞር፣ ቀሚስ ስትለካ፣ የሴቶቹን ዓይን ትመለከታለች፤ ሁሉም በፍቅር ያዩዋታል። በዚያ ጋራ ላይ አጠፋሽ ብሎ ሊቆጣት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱን በጭነት መኪና ወስደውታል።